የሚያዞረው ሰው ሲመጣ ጆሮውን እንፈትሽ፦ ከሹክሹክታ እስከ ኦዲዮግራም

አንዲት እናት ነበሩ። ከስምንት ወር በላይ ያዞራቸዋል። ሲነሳባቸው ግድግዳ ይዘው ቁጭ ይላሉ፣ ያስመልሳቸዋል፣ ሁለት ሦስት ሰዓት ቆይቶ ይለቃቸዋል። በየሄዱበት ግፊታቸው ተለክቷል፣ ደማቸው ታይቷል። "ደም ማነስ ነው" ተብለው የብረት እንክብል ሲውጡ ከርመዋል። እኔ ዘንድ ሲመጡ አንድ ነገር ጠየቅኋቸው።

"እማማ፣ ስልክ በየትኛው ጆሮዎ ነው የሚያወሩት?"

"ድሮ በቀኜ ነበር ልጄ። አሁን ወደ ግራ አዙሬዋለሁ።"

"ለምን?"

ትንሽ አሰቡ። "እንጃ፤ ቀኙ ሰውን ያርቅብኛል።"

ያቺ መልስ ከስምንት ወር ምርመራ የበለጠ ነገረችኝ። በኦዲዮሜትር፣ ማለትም በመስማት መለኪያ መሣሪያ፣ ሲለኩ ቀኝ ጆሯቸው ወፍራም ድምፆችን መስማት ቀንሶ ተገኘ። የሚያዞራቸው ጆሯቸው ነበር።

ይህን የምጽፈው በጤና ጣቢያ፣ በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታልና በክሊኒክ ለምትሠሩ ነርሶች፣ ጤና መኮንኖችና ጠቅላላ ሐኪሞች ነው። ራሳችሁን ወይም ቤተሰባችሁን የሚያዞረው ካለም አንብቡት፤ ሐኪም ጋ ስትሄዱ ምን መናገር እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ። የማምነው አንድ ነገር ነው፦ "ያዞረኛል" ያለ ሰው ሁለቱም ጆሮዎቹ፣ እያንዳንዳቸው ለብቻ፣ ሳይፈተሹ ከክፍላችን መውጣት የለበትም። ለመጀመሪያው ፍተሻ ጸጥ ያለ ክፍልና አምስት ደቂቃ ይበቃል።

የመስማት ምርመራ ስለ ማዞር ምን ያውቃል?

በውስጥ ጆሮ ሁለት ክፍሎች አሉ። አንዱ ድምፅ የሚቀበለው ኮክሊያ ነው። ሌላው የጭንቅላታችንን እንቅስቃሴ የሚለካው የሚዛን ክፍል ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ እንዳሉ ሁለት ቤቶች አስቧቸው። ውሃቸው አንድ ነው፤ በሁለቱም ውስጥ ያለው ፈሳሽ የተያያዘ ነው። መስመራቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ወደ አንጎል መልእክት የሚልኩት በስምንተኛው የራስ ቅል ነርቭ ነው። ደማቸውም የሚመጣው በአንዲት ቀጭን የደም ቧንቧ ነው። እሷ ከተዘጋች ምትክ የላቸውም።

ስለዚህ ሁለቱም ቤቶች አንድ ላይ ከጨለሙ፣ ችግሩን በጋራ ነገራቸው ላይ እንፈልጋለን። አንዱ ብቻ ከጨለመ ደግሞ ፍለጋው ይጠብባል። ቬስቲቡላር ኒውራይቲስ፣ ማለትም የሚዛን ነርቭ ብግነት፣ ሰውን ለቀናት አልጋ ላይ ይጥላል፤ መስማትን ግን አይነካም። ላቢሪንታይቲስ፣ ማለትም የውስጥ ጆሮ ብግነት፣ ሁለቱንም ይመታል። ሁለቱ ታካሚዎች ጎን ለጎን ተኝተው ብታዩዋቸው አንድ ዓይነት ናቸው፦ ያስመልሳሉ፣ ዓይናቸው ይንቀጠቀጣል፣ መቆም ያቅታቸዋል። የሚለያያቸው መስማታቸው ነው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ። የመስማት ምርመራ ሚዛንን አይለካም። መስማቱ ጥሩ የሆነ ሰው ጆሮው ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። አልጋ ላይ ሲገለበጥ ወይም ወደ ላይ ቀና ሲል ለሰከንዶች ቤቱ የሚዞርበት ሰው ብዙ ጊዜ ችግሩ በሚዛኑ ክፍል ውስጥ ቦታቸውን የለቀቁ ጥቃቅን ጠጠሮች ናቸው። ይህ መስማትን አይቀንስም። እሱን የሚያወጣው ዲክስ ሆልፓይክ የተባለው በማስተኛት የሚደረግ ፍተሻ ነው። የመስማት ምርመራው የሌላው ምርመራ ተጨማሪ ነው፤ ምትኩ አይደለም።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ጠይቁ፣ አደጋውን ለዩ

"ያዞረኛል" የሚለው ቃል ብዙ ነገር ይይዛል። አንዱ ቤቱ ይዞርበታል። ሌላው ሲነሳ ዓይኑ ይጨልማል። ሌላው ሲራመድ ይንገዳገዳል። "ሲያዞርዎ ምን ይሆናሉ? እስቲ 'ያዞረኛል' ሳይሉ ይንገሩኝ" በሉት። ከዚያ ምን ያህል እንደሚቆይና ምን እንደሚያስነሳው ጠይቁ። ሰከንዶች፣ ሰዓታትና ቀናት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው።

የጆሮውን ጥያቄ "ይሰማዎታል?" ብላችሁ አትጠይቁ። ሁሉም "አዎ" ይላል፤ አንዱ ጆሮ የሌላውን ይሸፍናልና። ይልቅ እንዲህ ጠይቁ። ስልክ በየትኛው ጆሮ ነው የሚያወሩት፣ ቀይረው ያውቃሉ? ጎን ለጎን ስትቀመጡ ሰው በየት በኩል ሲሆን ይሻልዎታል? ጆሮዎ ይጮሃል? የቱ? ከማዞሩ በፊት ጆሮዎ ድፍን ይላል? መስማትዎ አንዳንድ ቀን ጥሩ፣ አንዳንድ ቀን መጥፎ ይሆናል?

ያለፈውንም ጠይቁ። በልጅነት ጆሮው መግል ያወጣ ነበር? ጆሮ ደግፍ ይዞት ያውቃል? ጆሮ ደግፍ አንድን ጆሮ ጨርሶ ሊያደነቁር ይችላል። ማጅራት ገትርም እንዲሁ። የወሰዳቸውን መርፌዎችም አትርሱ፤ ወደዚህ ኋላ እመለሳለሁ።

አሁን ዋናው አደጋ። ማዞሩ ዛሬ ወይም ትናንት በድንገት ጀምሮ ካላቋረጠ፣ አንድ ጆሮም አብሮ ከጠፋ፣ ቀጠሮ አትስጡ። ይህ ድንገተኛ የነርቭ መስማት ማጣት ሊሆን ይችላል። መለኪያው ይህ ነው፦ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ተከታታይ በሆኑ ሦስት ፍሪኩዌንሲዎች (የድምፅ ውፍረትና ቅጥነት ደረጃዎች)፣ 30 ዴሲቤል ወይም ከዚያ በላይ መቀነስ። ስቴሮይድ የሚረዳው ቶሎ ሲጀመር ነው፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተስፋው እየቀነሰ ይሄዳል። ግን ስትሮክም ሊሆን ይችላል። ለውስጥ ጆሮ ደም የምታደርሰው ቀጭን ቧንቧ ብዙውን ጊዜ የምትነሳው ትንሹ አንጎልን ከሚመግብ የደም ቧንቧ ነው። እሱ ሲዘጋ ማዞሩና መስማት ማጣቱ አንድ ላይ ይመጣሉ። ሂንትስ የተባለውን የዓይን ፍተሻ የምታውቁ፣ "ሂንትስ ፕላስ" ሲባል የተጨመረው "ፕላስ" የመስማት ፍተሻ ነው። ድንገተኛ ማዞር ላይ አዲስ የመስማት ማጣት ሲጨመር "የጆሮ ነው" ብለን ዘና የምንልበት ሳይሆን የበለጠ የምንጠነቀቅበት ነው። በተለይ ግፊትና ስኳር ያለበት፣ ንግግሩ የተሳሰረ፣ ፊቱ የደነዘዘ ወይም ያለ ድጋፍ መቀመጥ ያቃተው ከሆነ በዚያው ሰዓት ሪፈር ይጻፍለት።

ደረጃ 2፦ በኦቶስኮፕ (በጆሮ ማያ መሣሪያ) እዩ

ይህን አጭር አደርገዋለሁ። ኩክ ጆሮውን ከደፈነው የሚቀጥሉት ፍተሻዎች ሁሉ ይሳሳታሉ። ስለዚህ ኩኩን አስቀድማችሁ አውጡ። ታምቡሩ ቀዳዳ እንዳለው ከጠረጠራችሁ ግን በውሃ አትጠቡ።

የሚሸት ፈሳሽ፣ በታምቡሩ ላይኛው ክፍል ነጭ ቅርፊት መሰል ነገር፣ ከዚያ ጋር ማዞር ካገኛችሁ ኮሌስቲያቶማ፣ ማለትም መሃል ጆሮ ውስጥ ያለቦታው የሚያድግ ቆዳ፣ መሆኑን ጠርጥሩ። አጥንት እየበላ ወደ ሚዛኑ ክፍል ይደርሳል። ከጆሮ ቀዳዳ ፊት ያለችውን ትንሽ ሥጋ ወደ ውስጥ ጫን አድርጓት። ያኔ ካዞረው ጊዜ አትስጡት፤ ወደ ከአንገት በላይ ሐኪም ላኩት።

ደረጃ 3፦ በሹክሹክታ ፈትኑ

መሣሪያ አያስፈልግም። አሠራሩን ግን ብዙዎቻችን እናበላሸዋለን።

ታካሚው ወንበር ላይ ይቀመጥ። ከኋላው ክንዳችሁ በሚደርስበት ርቀት ቁሙ፤ ወደ 60 ሳንቲሜትር። ከፊቱ ከቆማችሁ ከንፈራችሁን ያነባል። የማይፈተነውን ጆሮ እሱ ራሱ በጣቱ ይዝጋው፤ ከቀዳዳው ፊት ያለችውን ሥጋ ጫን አድርጎ ክብ ክብ እያደረገ ይሻት። ማሻሸቱ ድምፅ ስለሚፈጥር ያ ጆሮ እንዳይሰርቅ ያደርገዋል። እናንተ ትንፋሻችሁን ጨርሳችሁ አስወጡ። ከዚያ በቀረው ትንፋሽ ሦስት ነገር በሹክሹክታ ተናገሩ፤ ለምሳሌ "ሰባት፣ ቡና፣ ዘጠኝ"። ትንፋሽ ሳታስወጡ ከተናገራችሁ ሹክሹክታው ይጮሃል።

ሦስቱንም ከደገመ አልፏል። ካልሆነ ሌላ ሦስት ስጡት። ከስድስቱ ቢያንስ ሦስቱን ማግኘት አለበት። ለሁለተኛው ጆሮ ቃሎቹን ቀይሩ፤ አለበለዚያ የምትለኩት ትዝታውን ነው።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ በሚያውቀው ቋንቋ ፈትኑት። አፉን በኦሮምኛ ወይም በሱማልኛ የፈታን ሰው በአማርኛ ሹክሹክታ ፈትኖ "አይሰማም" ማለት ግፍ ነው። ቋንቋውን ካላወቃችሁ የሚችል ባልደረባ ጥሩ። ሁለተኛ፣ ሹክሹክታ ወፍራም ድምፅ የለውም። ወፍራም ድምፅ ብቻ የጠፋበት ጆሮ ይህን ፈተና በጥሩ ውጤት ሊያልፍ ይችላል። እነዚያ እናት ሹክሹክታውን አልፈውት ነበር።

ደረጃ 4፦ ቱኒንግ ፎርክ

ሲመታ ከሚጮኸው የብረት ሹካ 512 ሄርዝ የተጻፈበትን ውሰዱ። 128ቱ የእግር ስሜትን ለመፈተሽ ነው፤ ለጆሮ አይሆንም፤ ንዝረቱን በቆዳው እየተሰማው "ሰማሁ" ይላችኋል። ሹካውን ጠረጴዛ ላይ አትምቱ። በክርናችሁ ወይም በጉልበታችሁ መታ አድርጉት፤ ድምፁ ንጹሕ ይሆናል።

የዌበር ፍተሻ ይቀድማል። የሚንቀጠቀጠውን ሹካ እግሩን ግንባሩ መሃል ላይ ጠበቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ። "ድምፁ የት ይሰማዎታል? በቀኝ፣ በግራ ወይስ መሃል?" ብላችሁ ሦስቱንም ምርጫ ስጡ። ብዙ ታካሚ ድምፁ በታመመው ጆሮ ሲመጣ ይገረማል፤ ትክክል አልመሰለውምና በሌላው ነው ብሎ ይናገራል። "እርስዎ የሚሰማዎትን ብቻ ይንገሩኝ፣ ስህተት የለውም" በሉት።

አፈታቱ ይህ ነው። ድምፁ ወደሚያስቸግረው ጆሮ ከሄደ፣ ችግሩ ድምፅ በሚተላለፍበት መንገድ ላይ ነው፦ ኩክ፣ ፈሳሽ፣ የተቀደደ ታምቡር። ወደ ደህናው ጆሮ ከሄደ፣ ችግሩ የውስጥ ጆሮ ወይም የነርቭ ነው። ማዞር ላለበት ሰው ይህ ሁለተኛው ወሬ ትልቅ ነው።

ቀጥሎ ሪኔ። ሹካውን ከጆሮ ጀርባ ባለው አጥንት ላይ ጫኑት፤ ከዚያ ጥርሶቹን ወደ ጆሮ ቀዳዳው ፊት አምጡት፣ ሁለት ሦስት ሳንቲሜትር ያህል ርቆ። "የቱ ይበልጣል? ኋላ ያለው ወይስ ፊት ያለው?" ጤነኛ ጆሮ ፊት ያለው ይበልጥበታል። የነርቭ ችግር ያለበትም እንዲሁ። ኋላ ያለው ከበለጠ ድምፁ መንገድ ላይ ተዘግቷል ማለት ነው።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። አንድ ጆሮ ጨርሶ ከሞተ፣ ሹካውን ከኋላው ስታስቀምጡ ንዝረቱ በራስ ቅሉ ተሻግሮ በደህናው ጆሮ ይሰማል። ታካሚው "ኋላው ይበልጣል" ይላል። እናንተም "ኩክ ወይም ፈሳሽ ነው" ብላችሁ የጆሮ ጠብታ ሰጥታችሁ ትልኩታላችሁ። ድንገተኛ የነርቭ መስማት ማጣት ያለበትና ጊዜ የሚቃጠልበት ሰው በዚህ መንገድ ያመልጠናል። መዳኛው ዌበር ነው። ሪኔ "ተዘግቷል" እያለ ዌበር ወደ ደህናው ጆሮ ከሄደ፣ ያ ጆሮ የሞተ እንደሆነ አስቡ። ሁለቱን ሁልጊዜ አብራችሁ ሥሩ።

ሹካ የለም? "እምምም" እያለ አፉን ዘግቶ ያንጎራጉር። ድምፁ ወደ የትኛው ጆሮ እንደሄደ ይንገራችሁ። እንደ ዌበር ይነበባል። በስልክ ለደወለ ታካሚ እንኳ ይሠራል።

ደረጃ 5፦ ኦዲዮሜትር ካለ

ማዞር ያለበትን ሰው መለካት ከሌላው ለየት ይላል። አሁን ያስመለሰው፣ ጭንቅላቱን ቀና ማድረግ የቸገረው ሰው ለሃያ ደቂቃ ቁልፍ መጫን አይችልም። ቋሚ፣ የማይሽከረከር፣ መደገፊያ ያለው ወንበር ስጡት። ላስቲክ ወይም ባልዲ አጠገቡ ይሁን። ከደከመ በአየር፣ ማለትም በማዳመጫ፣ የሚለካውን ብቻ ጨርሳችሁ ለሌላው ሌላ ቀን ቅጠሩት። ግን "ሲሻልዎ ይምጡ" ብቻ ብላችሁ አትመልሱት፤ በሕመሙ ሰዓት የተወሰደ ልኬት ብዙ ይናገራል።

ክፍሉ ጸጥ ይበል። ጄኔሬተር፣ የሚያለቅስ ሕፃን፣ መኪና መንገድ በቅርብ ካለ ወፍራም ድምፆቹ ይሸፈናሉ። ጤነኛ ጆሮ ካላችሁ ጠዋት ጠዋት ማዳመጫውን ራሳችሁ ላይ አድርጋችሁ ሞክሩ። ትናንት 10 ላይ የሰማችሁት ዛሬ 30 ላይ ከሆነ፣ ወይ ክፍሉ ጫጫታ በዝቶበታል ወይ መሣሪያው ታሟል።

ሻሽ፣ ነጠላ፣ ሂጃብ፣ ትልልቅ ጉትቻ፣ መነጽር ይውለቅ። በሻሽ ላይ የተደረገ ማዳመጫ ልኬቱን ያበላሻል። ሴት ታካሚ ሂጃቧን እንድታወልቅ ስትጠይቁ በሩን ዝጉ፣ ሴት ባለሙያ ትሁን። ሹሩባ የተሠራች ከሆነ ከጆሮ ጀርባ አጥንት ላይ የሚደረገው መለኪያ በሹሩባው መሃል ቆዳው ላይ መቀመጡን በእጃችሁ አረጋግጡ። ቀይ ማዳመጫ ለቀኝ፣ ሰማያዊው ለግራ ነው።

ማስረዳቱ እንዲህ ይሁን፦ "አሁን የተለያየ ድምፅ ይሰማሉ። አንዳንዱ በጣም ይቀጥናል፣ አንዳንዱ በጣም ይርቃል። የሰሙ በመሰልዎ ቁጥር፣ በጣም ትንሽም ብትሆን፣ ቁልፏን ይጫኑ። ሲቆም ይልቀቋት። ጆሮዎ የሚጮህ ከሆነ እሱን ትተው የእኛን ይከተሉ።"

በሚሻለው ጆሮ፣ በ1000 ሄርዝ ጀምሩ። በግልጽ በሚሰማው መጠን፣ ለምሳሌ 40 ዴሲቤል፣ ስጡ። ከሰማ 10 ዝቅ አድርጉ። ከሰማ እንደገና 10 ዝቅ። ሳይሰማ ሲቀር በ5 በ5 ከፍ አድርጉ። እንዲሁ እየወጣችሁና እየወረዳችሁ፣ ወደ ላይ ስትወጡ ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ ከተሰጠውም ቢያንስ ግማሹን የሰማበት ዝቅተኛው መጠን ውጤቱ ነው። ከዚያ 2000፣ 4000፣ 8000፤ ተመልሳችሁ 1000ን ድገሙ፤ ከዚያ 500 እና 250። የ1000 ሁለቱ ልኬቶች ከ5 ዴሲቤል በላይ ከተለያዩ ታካሚው አልገባውም ወይም ደክሟል። እንደገና አስረዱት። ድምፁን በእኩል ጊዜ አትስጡ፤ ምቱን ይለምደውና ሳይሰማ ይጫናል።

ማስኪንግን አትዝለሉ። በሁለቱ ጆሮዎች መካከል የአየር ልኬት ልዩነት 40 ዴሲቤል ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም በአጥንትና በአየር መካከል 10 እና ከዚያ በላይ ልዩነት ካለ፣ የማይፈተነው ጆሮ በጩኸት መሸፈን አለበት። ያለ ማስኪንግ የተለካ የሞተ ጆሮ በወረቀት ላይ "መካከለኛ" መስሎ ይታያል። ማስኪንግ ካልሠራችሁ በወረቀቱ ላይ "ያለ ማስኪንግ" ብላችሁ በግልጽ ጻፉ። የሚቀጥለውን ሐኪም ከስህተት ታድኑታላችሁ።

ደረጃ 6፦ ኦዲዮግራሙን ከማዞሩ ጋር አንብቡ

ኦዲዮግራም፣ ማለትም የመስማት ልኬቱ የተሳለበት ወረቀት፣ ብቻውን በሽታ አይናገርም። ከታሪኩ አጠገብ አስቀምጡት።

*ሁለቱም ጆሮ ደህና ነው።* ለሰከንዶች በመገልበጥ የሚነሳ ከሆነ ጠጠሮቹን ፈትሹ። ለቀናት ያላቋረጠ ከሆነ የነርቭ ብግነት ወይም የአንጎል ችግር ነው፤ መስማቱ ደህና መሆኑ ስትሮክን አያስቀርም። ከደቂቃዎች እስከ ሦስት ቀን እየመጣ የሚሄድ፣ ብርሃንና ድምፅ የሚያስጠላው፣ ማይግሬን ያለበት ሰው ከሆነ ቬስቲቡላር ማይግሬንን አስቡ። ይህ ሜኒየር ከሚባለው፣ ቀጥለን ከምናየው የውስጥ ጆሮ በሽታ ይልቅ የተለመደ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ተሳስተን ሜኒየር እንለዋለን።

*በአንድ በኩል ወፍራም ድምፆች ወርደዋል።* እ.ኤ.አ. በ1861 ፕሮስፔር ሜኒየር የተባለ የፓሪስ ሐኪም፣ በዘመኑ የአንጎል ደም መጨናነቅ ይባል የነበረው ማዞር ከውስጥ ጆሮ ሊመጣ እንደሚችል ተናገረ። ያኔ ጥፋተኛው አንጎል ነበር፤ ዛሬ እኛ ጋ ደም ማነስ ነው። በ2015 በወጣው ዓለም አቀፍ መስፈርት መሠረት ለተረጋገጠ ሜኒየር እነዚህ ያስፈልጋሉ፦ እያንዳንዳቸው ከ20 ደቂቃ እስከ 12 ሰዓት የቆዩ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ማዞሮች፣ በዚያው ጆሮ የሚለዋወጥ መስማት፣ ጩኸት ወይም መደፈን፣ እና ከማዞሩ በፊት፣ በመሃሉ ወይም በኋላው ቢያንስ አንድ ጊዜ በኦዲዮግራም የተያዘ የወፍራምና የመካከለኛ ድምፅ መቀነስ። ይህን ሌላ በሽታ የሚያስረዳው መሆን የለበትም። ሐሳቡ ይግባችሁ፦ ያለ ኦዲዮግራም "ሊሆን ይችላል" እንጂ "ነው" ማለት አንችልም።

ጣጣው በመጀመሪያው ዘመን መስማቱ የሚመለስ መሆኑ ነው። ከማዞሩ ሳምንት በኋላ ብትለኩት ደህና ሊሆን ይችላል። ስለዚህ "ሲነሳብዎ በማግስቱ ይምጡ፣ ተራ አይጠብቁም" በሉት። ከቻላችሁ ይህን ከመዝገብ ክፍሉ ጋር ተነጋገሩበት፤ አለበለዚያ በማግስቱ መጥቶ ለሁለት ሳምንት ይቀጠራል።

*አንዱ ጆሮ ከሌላው በግልጽ አንሷል፤ የነርቭ ነው፤ ቀስ በቀስ የመጣ።* በተከታታይ ሁለት ፍሪኩዌንሲዎች ላይ 15 ዴሲቤል ወይም ከዚያ በላይ ልዩነት ካያችሁ አትለፉት። "ድምፁ ይሰማኛል፣ ቃሉ ግን አይለይልኝም" የሚል ከሆነ ደግሞ ጥርጣሬው ይበረታል። በስምንተኛው ነርቭ ላይ የሚያድግ ካንሰር ያልሆነ እብጠት ሊሆን ይችላል። ቀስ ብሎ ስለሚያድግ አንጎል ይለምደዋል፤ ታካሚው ቤቱ ከመዞሩ ይልቅ መንገዳገዱን ያወራል። ብዙዎቹ እብጠት አይገኝባቸውም፤ ግን የሚለየው ኤምአርአይ ነው። ተራ ሲቲ ስካን ትንሹን እብጠት ያልፈዋል።

*ቀጭን ድምፆች በሁለቱም በኩል እኩል ወርደዋል።* የስድሳና የሰባ ዓመት ሰው ከሆነ ይህ የዕድሜ ነው። ማዞሩን አያስረዳም። "ጆሮዎ ደክሟል፣ ለዛ ነው የሚያዞርዎ" ብላችሁ አትሸኙት። ጠጠሮቹን ፈትሹ፣ መድኃኒቶቹን ቁጠሩ፣ ተኝቶና ቆሞ ግፊቱን ለኩ።

ወጣት ከሆነ ግን ወደ መርፌዎቹ እንመለስ። ካናማይሲንና አሚካሲን በዋናነት ኮክሊያን ይመታሉ፤ መጀመሪያ የሚጠፋው 8000 ሄርዝ ነው። መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ ለብዙ ወራት ሲሰጡ ኖረዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ካናማይሲንና ካፕሪዮማይሲን ከዚያ ሕክምና እንዲወጡ መክሯል፤ ቀድሞ የተወጉት ሰዎች ግን ዛሬም በደጃችን ይመጣሉ።

ጀንታማይሲንና ስትሬፕቶማይሲን የተለዩ ናቸው። እነሱ ከመስማት ይልቅ ሚዛንን ይጎዳሉ። በሆስፒታል ተኝቶ ጀንታማይሲን የወሰደ፣ በተለይ ኩላሊቱ የደከመ ሰው፣ ከወጣ በኋላ "ስራመድ መሬቱ ይነቃነቃል፣ ማታ ጨለማ ውስጥ መሄድ አልችልም" ይላል። ቤት አይዞርበትም፤ ሁለቱም ጎን እኩል ስለተጎዳ። ኦዲዮግራሙም ሙሉ በሙሉ ደህና ሊሆን ይችላል። እዚህ ወረቀቱን አምነን "ጆሮህ ምንም የለውም" ካልን ሰውየውን በድለነዋል። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ እያነበበ ጭንቅላቱን ግራና ቀኝ ያንቀሳቅስ። ፊደሉ ከተንቀጠቀጠበት ሚዛኑን ጠርጥሩ።

*በአየርና በአጥንት መካከል ክፍተት አለ።* ኩክ፣ የመሃል ጆሮ ፈሳሽ፣ የተቀደደ ታምቡር፣ ኮሌስቲያቶማ ብዙውን ያስረዳሉ። ታምቡሩ ደህና ሆኖ፣ ክፍተቱ ወፍራም ድምፆች ላይ ብቻ ሆኖ፣ ታካሚው "ዓይኔን ባንቀሳቀስኩ ቁጥር ድምፁ ይሰማኛል" ወይም "ከፍተኛ ድምፅ ሲሰማ ያዞረኛል" ካለ አትሳቁበት። ከሚዛን ክፍሉ ቱቦዎች የላይኛውን የሚሸፍነው አጥንት ሳስቶ ወይም ተቀድዶ ሊሆን ይችላል። ሎይድ ማይነርና ባልደረቦቹ ይህን በ1998 እስኪገልጹት ድረስ እንዲህ የሚሉ ሰዎች የአእምሮ ሕመምተኞች ተደርገው ይታዩ የነበሩበት ጊዜ አለ። ማረጋገጫው የጆሮ አጥንት ሲቲ ስካን ነው።

ደረጃ 7፦ ሪፈሩን ጻፉ፣ ልኬቱን ድገሙ

"ማዞር፣ ለምርመራ" የሚል ሪፈር ለማንም አይረዳም። ይህን ጻፉ፦ ማዞሩ ምን ያህል ይቆያል፣ ስንት ጊዜ መጣ፣ የትኛው ጆሮ፣ ዌበር ወዴት ሄደ፣ ሪኔ በእያንዳንዱ ጆሮ፣ መስማቱ ከጠፋ ከመቼ ጀምሮ። ቀኑን አትርሱ፤ ድንገተኛ የመስማት ማጣት ላይ ቀኑ ሕክምናውን ይወስናል።

አንድ ኦዲዮግራም የአንድ ቀን ፎቶ ነው። ሜኒየር የተጠረጠረበትን ሰው ማዞሩ በተነሳ በማግስቱና ሲረጋጋ ለኩት። ጆሮን የሚጎዳ መርፌ የሚጀምርን ሰው ከመጀመሩ በፊት ለኩት፤ መነሻው ከሌለ በኋላ የጎደለውን ማወቅ አይቻልም።

የኦዲዮግራሙን ኮፒ ለታካሚው ስጡት። ካርድ ይጠፋል፣ ሰው ከተማ ይቀይራል። እነዚያ እናት አሁን አራት ኦዲዮግራም አላቸው። በፌስታል ጠቅልለው፣ ከቀበሌ መታወቂያቸው ጋር፣ በቦርሳቸው ይይዙታል። በመጡ ቁጥር ራሳቸው ጠረጴዛው ላይ በተራ ይዘረጓቸውና በጣታቸው ቀዩን መስመር እየተከተሉ "ይኸው፣ እዚህ ጋ ወርዶ፣ እዚህ ጋ ተመልሶ" ይሉኛል።